ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረው ወረቀት

ውድ ጋሼ፣

ረጅም ጽሑፍ አትወድም ነበር። «ሦስት መስመር ይበቃል» ትለኝ ነበር፤ «ምን ታየ፣ ምን ተሠራ፣ ምን ቀረ። ከዚያ በላይ የሚጽፍ መካኒክ የሚደብቀው ነገር አለው።» ይህ ደብዳቤ ከሦስት መስመር በጣም ይበልጣል። የደበቅኩትን ነገር አንተ ታውቀዋለህ። እንዴት እንደሆነ ግን አንድም ቀን አልጠየቅከኝም፤ እኔም አልነገርኩህም። ካረፍክ አንድ ወር ሊሞላህ ነው፤ አሁን ልንገርህ።

ጥገና ክፍል ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ትልቁ ስክሪን አሁንም እዚያው ነው። ያለቀው ሥራ አረንጓዴ፣ የተያዘው ቢጫ፣ ቀኑ ያለፈበት ቀይ። ከሰኞ ጀምሮ በአረንጓዴዎቹ መሀል አንዲት ቀይ መስመር ገብታለች። «1,512 ቀን ዘግይቷል» ብላ ጀመረች፤ በየማለዳው አንድ ትጨምራለች። የገባ የወጣው ሁሉ ይጠይቀኛል።

«ኃላፊ፣ ኮምፒውተሩ አበደ እንዴ? አራት ዓመት ሙሉ የዘገየ ሥራ?»

«አላበደም» እላለሁ።

«ታዲያ ዝጊዋ!»

አልዘጋትም። አዎ፣ አሁን ኃላፊ ይሉኛል። የጥገና ዕቅድ ኃላፊ። አንተ የነበርክበት ክፍል፣ የአንተ መስኮት፣ የአንተ ወንበር ላይ ነኝ። የወንበሩን አንድ እግር በጎማ ቁራጭ አስተካክለህ ነበር፤ ጎማው አሁንም አልወለቀም።

ሶፍትዌሩ ከመምጣቱ በፊት የካርቶን ፋብሪካው ጥገና የሚመራው በአንተ ጆሮ ነበር ይላሉ። ማለዳ እጅህን ወደኋላ አጣምረህ በማሽኖቹ መሀል ትዞራለህ፤ አንዱ ጋ ቆም ትላለህ፤ ራስህን ዘንበል ታደርግና «ይሄ ኩሽኔታ እስከ ሐሙስ ነው» ትላለህ። ኩሽኔታው ከሐሙስ በፊት ተቀይሮ ያድራል። አንዴ ረቡዕ ቀድሞህ ተሰበረና ሰው ወር ሙሉ «ጋሼ፣ ዛሬ ቀኑ ማን ነው?» እያለ ሲያሾፍብህ ከረመ።

እኔ የመጣሁት ከሶፍትዌሩ ጋር ነው፤ የስድስት ወር ኮንትራት የያዝኩ የመረጃ ጸሐፊ። መጀመሪያ ቀን «እርስዎ» ስልህ ዞር ብለህ ኋላህን አየህ። «ማን አለ? አንተ በይኝ ልጄ። እርስዎ ሲሉኝ የሞትኩ ይመስለኛል።» ስለዚህ ዛሬም አንተ እልሃለሁ።

ሥልጠናውን አስታውሰው። ምሳ ቤት ውስጥ ወንበር ተደርድሮ፣ ሶፍትዌሩን ያመጣው ኢንጂነር ሸሚዙን አስገብቶ፣ እያንዳንዱ ማሽን ቁጥር እንደሚሰጠው፣ እያንዳንዱ ሠራተኛም የራሱ ቁጥርና የይለፍ ቃል እንደሚኖረው ያስረዳል። የቱ ማሽን መቼ እንደሚፈተሽ ኮምፒውተሩ ራሱ ያስታውሳል፤ መለዋወጫ ሲያስፈልግ ራሱ ለዕቃ ክፍል ይጠይቃል። አንተ ከኋላ እጅህን አወጣህ።

«ማሽኑ ሲታመም ኮምፒውተሩን ያመዋል?»

ሰው ሳቀ። ኢንጂነሩ «አያመውም፤ ግን አይረሳም» አለ።

«እኔም አልረሳም» አልክ፤ «ያውም ያመኛል።»

ከሁሉ የሳቀው ሎጋው ነበር፤ የትልቁ ማሽን ኦፕሬተር፣ የምሳ ጓደኛህ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከወርክሾፑ ጀርባ ባለችው አግዳሚ ወንበር ላይ፣ አንተ በግራ እሱ በቀኝ፣ ምሳ ዕቃችሁን መሀል አድርጋችሁ የበላችሁ። በቁመቱ የተነሳ ስሙን ያወጣህለት አንተ ነህ አሉ።

ጣቶችህ ግን ከቁልፎቹ ጋር አልተስማሙም። አንዱን ስትነካ ሦስቱ ይጫናሉ። «ሁለቴ ንካው ጋሼ» ስልህ «የሰው በር እንኳ ሁለቴ አላንኳኳም፤ አንዴ ከሰማ ይበቃዋል» አልከኝ። በሁለተኛው ሳምንት ቁጥርህንና የይለፍ ቃልህን በሲጋራ ወረቀት ጀርባ ላይ ጽፈህ ጠረጴዛዬ ላይ አኖርክ። «አንቺ ጣቴ ሁኚ። እኔ እሠራለሁ፤ አንቺ ትነኪያለሽ።» ቁጥሩን ለሌላ ሰው የሰጠም የተቀበለም ከሥራ እንደሚሰናበት ኢንጂነሩ አንብቦልን ሁላችንም ፈርመናል። የፈረምኩበት ቀለም ገና አልደረቀም ነበር ማለት ይቻላል። ወረቀቱን ተቀበልኩህ። ከዚያ በኋላ በፋብሪካው ውስጥ ስሜ ጣቴ ሆነ። «ጣቴ የት ሄደች?» ስትል የማያውቅህ ሰው እጅህን ያይ ነበር።

እና ምስማሩ። ሰኞ ሰኞ የሳምንቱን የሥራ ትዕዛዞች አትሜ እሰጥሃለሁ። አንተ ስትጨርስ ከመስኮቱ አጠገብ በመታኸው ትልቅ ምስማር ላይ ትሰካቸዋለህ። ያለቀው ሥራ ፊቱ ወደ እኛ ነው። ያላለቀው ግልብጥ ይላል፤ ነጩ ጀርባው ብቻ ነው የሚታየው። «ያላለቀ ሥራ ያፍራል፤ ወደ ግድግዳ ይዙር» አልከኝ። አንድ ቃል አትጽፍበትም። ያለቀም ያላለቀም ቢሆን ጥግ ላይ ግራሶ የነካው የአውራ ጣትህ አሻራ ብቻ አለ። ከሰዓት በኋላ ከአጠገቤ ትቀመጥና አንድ በአንድ እያነሳህ ትነግረኛለህ፤ እኔ እጽፋለሁ። ምን ታየ። ምን ተሠራ። ምን ቀረ። ያለቀውን በአንተ ቁጥር እዘጋዋለሁ፤ የተገለበጠውን ክፍት እተወዋለሁ። ኢንጂነሩ አያውቅም ነበር። ወይም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

አሁን ወደዚያች ቀን ልምጣ።

የወሩ መጨረሻ ነበር። ስድስት ሰዓት ላይ ሥራ አስኪያጁ በተገኙበት የሶፍትዌሩ የስድስት ወር ውጤት ሊታይ ነው። ኢንጂነሩ ከጠዋት ጀምሮ ሦስት ጊዜ በበሩ ብቅ ብሎ «ስንት ደረስን?» ብሎኛል። ሰማንያ ስምንት በመቶ ነበርን። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ከምስማሩ ላይ ያለውን ክምር በሙሉ አወጣሁ፤ ሠላሳ አንድ ወረቀት። ስዞር ኢንጂነሩ ለአራተኛ ጊዜ ሲገባ በሩ ላይ ተጋጨንና ወረቀቶቹ ወለሉ ላይ ተበተኑ። አብሮኝ ለቀመ። እሱ የለቀመውን ደርድሮ፣ ጠርዙን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አድርጎ አስተካክሎ፣ ሁሉንም ፊታቸውን ወደ ላይ አድርጎ ሰጠኝ። ማንም ሰው ወረቀት ሲሰበስብ እንደሚያደርገው። እኔም የእኔን እንደዚያው አደረግኩ።

ከመካከላቸው የተገለበጠ እንደነበረ አይቻለሁ ጋሼ። ከምስማሩ ሳወጣቸው ነጭ ጀርባ አይቻለሁ። አንድ ይሁን ሁለት፣ የቱ እንደሆነ ግን አላውቅም።

አንተ ግቢው ማዶ ፓምፕ ቤት ነበርክ። ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣሪያ ይወግረዋል። በመስኮት አየሁ፤ የፓምፕ ቤቱ በር ክፍት ነበር፤ ውስጥ መብራት ይታያል። ከወንበሬ እስከዚያ ሁለት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው። ወረቀቶቹን በፌስታል ጠቅልዬ ሮጬ «ጋሼ፣ የተገለበጠው የቱ ነበር?» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አዲስ ጫማ አድርጌ ነበር። ለስብሰባው ብዬ ነው ያደረግኩት። ጭቃውን አየሁና «ጋሼ ሳይጨርስ አያውቅም» አልኩ ለራሴ። ሠላሳ አንዱንም በአንተ ቁጥር ዘጋኋቸው። ምን ተሠራ በሚለው ቦታ ሠላሳ አንድ ጊዜ «እንደተለመደው ተሠርቷል» ብዬ ጻፍኩ። ምን ቀረ በሚለው ቦታ «የለም»።

ይኸው ነው። ክፋት አልነበረም። ጫማ ነበር።

የተገለበጠው ወረቀት የክሬኑ ነበር፤ የወረቀት ጥቅሎቹን አንስቶ ትልቁ ማሽን ላይ የሚያስቀምጠው። ፍሬኑን ፈትሸህ ሸራው ማለቁን አይተሃል። ዕቃ ክፍል ውስጥ ስላልነበረ አዲስ እንዲገዛ በእኔው እጅ አስጠይቀሃል፤ ያን ጠዋት ግን አላስታወስኩትም፤ መቆጣጠሪያ ሳጥኑ ላይም በጠመኔ «ሙሉ ጥቅል አይነሳም፤ ግማሽ ብቻ» ብለህ ጽፈሃል። ሙሉ ጥቅል ከአንድ ቶን በላይ ነው። ሥራው ሲዘጋ ሶፍትዌሩ ሁለት ነገር አደረገ። የፍሬን ሸራውን ጥያቄ «ሥራው አልቋል» ብሎ ሰረዘው። ቀጣዩን ፍተሻ ደግሞ ወደ ሦስት ወር ገፋው። ማንንም አልጠየቀም። እኔ ነግሬዋለሁ፤ እሱ አመነኝ።

ስድስት ሰዓት ላይ ስክሪኑ ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ሆኖ ሰው አጨበጨበ። አንተ መጨረሻ ላይ ውሃ እያንጠባጠብክ ገባህ፤ ሥራ አስኪያጁ እጅህን ጨበጡህ። ወደ እኔ ጠጋ ብለህ «ለምንድን ነው የሚያጨበጭቡት?» አልከኝ።

«መቶ በመቶ ሆንን ጋሼ!»

«መቶ በመቶ የሆነ ማሽን አይቼ አላውቅም» አልክና የሚያስቅ ፊት አሳየኸኝ። ሳቅኩ። በዚያች ደቂቃ አንዲት ቃል ብትጨምር፣ ወይም እኔ «የተገለበጠ ነበረህ እንዴ?» ብል፣ ያበቃ ነበር። ስለ ክሬኑ አልጠየቅከኝም፤ ምክንያቱም ወረቀቱን ገልብጠህ ነግረኸኛል።

አሥራ ሁለት ቀን አለፈ። በየማለዳው በዕቃ ክፍል መስኮት ብቅ ትላለህ። «ሸራዬ መጣ?» የዕቃ ክፍል ሠራተኛዋም «አልመጣም ጋሼ፤ ሲመጣ እጠራሃለሁ አላልኩህም? እንደ ሙሽራ አትመላለስብኝ» ትልሃለች። ጥያቄው መሰረዙን እሷም አታውቅም፤ ስክሪኗ ላይ የሌለ ነገር በመንገድ ላይ ያለ መስሏት ነበር።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን ምን እንደተባለ የሰማሁት በኋላ፣ የፈረቃ ኃላፊው በምርመራው ላይ ሲናገር ነው። ሥራ ተጣድፎ ሙሉ ጥቅል መነሳት ነበረበት። ሎጋው የጠመኔውን ጽሑፍ አይቶ እምቢ አለ። የፈረቃ ኃላፊው ሄዶ ስክሪን አይቶ ተመለሰና «ተዘግቷል፤ ተሠርቷል» አለው።

«ማን ዘጋው?»

«የጋሼ ቁጥር ነው።»

«እሱ ከዘጋው አልቋል» አለ ሎጋው። ጠመኔውን በእጅጌው የጠረገው ራሱ ነው። ከዚያ ለክሬን ነጂው እጁን ወደ ላይ አነሳ፤ ይነሳ የሚለውን ምልክት።

ጥቅሉ ተነሳ፤ ቆመ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ መንሸራተት ጀመረ። ሎጋው እንዳይሽከረከር ይዞት ነበር። ቀኝ እግሩን ከጉልበቱ በታች ሆስፒታሉ ቆረጠው።

በምርመራው ቀን እኔ ክፍሉ ውስጥ ነበርኩ፤ መዝገቡን አትሜ እንዳቀርብ ተጠርቼ። ረጅሙ ጠረጴዛ፤ ሥራ አስኪያጁ፣ ኢንጂነሩ፣ የአስተዳደር ኃላፊዋ። አንተ ሰማያዊ ቱታህን አጥበህ ለብሰሃል።

«ይህ ቁጥር የማን ነው?» አሉህ።

«የኔ።»

«ይህን ሥራ ያለቀ ነው ብለህ የዘጋኸው አንተ ነህ?»

ወረቀቱን አየህ። ያኔ ነው የገባህ፤ ፊትህ ላይ ሲገባህ አየሁት።

«ቁጥሩ የኔ ነው።»

«ጥያቄው እሱ አይደለም።»

«መልሴ ግን እሱ ነው።»

አፌን ከፍቼ ነበር ጋሼ። ይህን ብቻ እመነኝ። አንተ ግን ሳታየኝ ከጠረጴዛው ጠርዝ በታች መዳፍህን ዘርግተህ ወደ ታች ጫን አደረግክ። በማሽኑ ጩኸት ውስጥ መነጋገር ሲያቅተን የምናሳየው ምልክት፤ አቁም፣ ተይው። አፌን ዘጋሁ። ያኔ የታዘዝኩህ ስለማከብርህ ነው ብዬ ለብዙ ጊዜ ለራሴ ነገርኩ። እውነቱ መታዘዙ ቀላል ነበር።

ኮሪደሩ ላይ ተከተልኩህ። «ጋሼ፣ እኔ እኮ…» ስል አላስጨረስከኝም።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን?»

«ቁጥሬን የሰጠሁሽ እኔ ነኝ። በሬን ከፍቼ ትቼ ነፋስ ገባብኝ ብዬ አልከስም። እኔ ለጡረታ ሁለት ዓመት ነው የቀረኝ፤ አንቺ ገና ጀማሪ ነሽ። ለሎጋው እኔ አስረዳዋለሁ። ወንድሜ ነው፤ ይገባዋል።»

አልገባውም። ሆስፒታል ስትሄድ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ስትገባ አየህና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ብርቱካኑን ወንበሩ ላይ አስቀምጠህ ወጣህ። እኔን አሳልፈህ አልሰጠኸኝም፤ እሱንም ልትዋሸው አልቻልክም፤ ስለዚህ የምትለው ነገር አልነበረህም። ከሥራ አሰናበቱህ። የመሣሪያ ሳጥንህን ስታስረክብ ካቻቢቴዎቹን በቁመታቸው ደርድረህ፣ እያንዳንዱን በጨርቅ ጠርገህ ነበር። ምስማሩን «ተይው፤ ይጠቅምሻል» አልከኝ።

ከዚያ በኋላ አርብ አርብ እደውልልህ ነበር። ታስታውሳለህ፤ የሳምንቱን ዝርዝር አነብልሃለሁ፤ «ሦስተኛው ቺንጊያ ድምፁ እንዴት ነው? ስልኩን ወደሱ አስጠጊው» ትለኛለህ። በስተመጨረሻ ሁልጊዜ ያው ጥያቄ ነበር፦ «ሎጋው አልመጣም? ሰላም ነው?» ሰላም ነው እላለሁ። ሁለተኛው ዓመት ላይ በወር አንዴ ሆነ። ሹመት ካገኘሁ በኋላ በበዓል ብቻ። ሥራ በዝቶብኝ አልነበረም። ያንን ጥያቄ መስማት አቅቶኝ ነበር።

በቀብርህ ላይ ሎጋው አልነበረም። ሰው ሲበተን ልጅህ ክንዴን ይዛ ወደ ጎን ወሰደችኝ። «አባዬ ስላንቺ ብዙ ያወራ ነበር» አለች። አመሰገንኳት። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦ «የመጨረሻ ሳምንት በሩ በተንኳኳ ቁጥር ‹ሎጋው ነው?› ይል ነበር። ጎረቤት ሲገባም፣ ሐኪሙ ሲመጣም። እኔ ቁልፍ ይዤ ስገባ እንኳን። አንቺ ታውቂያለሽ፣ ምን ነበር ያጣላቸው?»

«አላውቅም» አልኳት።

ያንን ቃል ካልኩ በኋላ መቃብርህ አጠገብ መቆም አልቻልኩም።

ሎጋው ቤት ለመሄድ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ሚስቱ ከፈተችልኝ። መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ነበር፤ የእንጨት እግሩ ከጎኑ ግድግዳ ተደግፎ። ቁጭ ሳልል ነገርኩት። ምስማሩን፣ ወረቀቱን፣ ዝናቡን፣ ጫማውን። ጫማውን ስነግረው ሚስቱ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ሎጋው የእንጨት እግሩን ወደ ራሱ ሳበ። ከዚያ ቀስ ብሎ ጀመረ።

«እኔ ስለ እግሬ አይደለም የተቀየምኩት። ብረት ነው፤ ይሰበራል። እኔ የጠበቅኩት አንድ ቃል ነበር። ‹ተሳሳትኩ ሎጋው› እንዲለኝ። በመጀመሪያው ሰሞን መጥቶ ይቀመጣል፤ አንገቱን ይደፋል፤ አይለውም። ልቡ ደነደነ አልኩ።»

«አልተሳሳተማ» አልኩት።

«አሁን ነዋ የምትነግሪኝ!» ድምፁ ቤቱን ሞላው። «አራት ዓመት በሬን ሲያንኳኳ ‹ተኝቷል በሉት› እል ነበር። ነቅቼ! እዚችው ወንበር ላይ ነቅቼ! አንዴ ብቻ ነው የሚያንኳኳው፤ አውቀው ነበር። ካልተከፈተለት ይሄዳል።»

ሚስቱ ማልቀስ ጀመረች። እኔ አላለቀስኩም፤ ለማልቀስ መብት ያለኝ አልመሰለኝም። ልወጣ ስነሳ «ውሃ ስጪያት» አላት። ቆሜ ጠጣሁ። በሩ ላይ ስደርስ ጠራኝ።

«በጽሑፍ አለ?»

«ምኑ?»

«ያልሽኝ። እሱ የተከሰሰው በጽሑፍ ነው። ያንቺ ቃል በጽሑፍ አለ ወይ?»

ሰኞ ጠዋት ኢንጂነሩ ቢሮ ገባሁ። ያ የሥራ ትዕዛዝ እንዲከፈትልኝ ጠየቅኩት። ጸጉሩ ሸብቷል ጋሼ፤ አታውቀውም።

«ምን ነክቶሽ ነው? ክሬኑ ያኔውኑ በሌላ ትዕዛዝ ተሠርቷል። ያለቀ ነገር ነው።»

«አላለቀም። የዘጋሁት እኔ ነኝ።»

መነጽሩን አወለቀ። «ከአንቺ ኮምፒውተር እንደተዘጋ ያኔም አይቻለሁ» አለኝ። «ጋሼ በዚያ ሰዓት ፓምፕ ቤት እንደነበረም አውቃለሁ። ሶፍትዌሩ ስድስት ወሩ ነበር። የሰው ቁጥር በሰው እጅ ነው ከተባለ ሥራ አስኪያጁ ከነሥሩ ይነቅሉት ነበር። አልጠየቅኩም።»

ለካ ሦስት ነበርን ጋሼ። አንተ ለእኔ ብለህ ዝም አልክ። እኛ ሁለታችን ለራሳችን።

«የተዘጋን አይሰርዝም» አለ በመጨረሻ። «እንደገና መክፈት ይቻላል። ከተከፈተ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይቆጥራል። በሁሉም ስክሪን ላይ ቀይ ይሆናል፤ በስምሽ።»

«ይቁጠር።»

ከፈተው። በራሴ ቁጥር ገባሁና አንተ ባስተማርከኝ መንገድ ጻፍኩ። «ምን ታየ፦ የክሬኑ ፍሬን ሸራ አልቆ ነበር፤ ጋሼ አይቶታል፤ ለሰውም አስጠንቅቋል። ምን ተሠራ፦ ምንም። ሥራው ሳያልቅ አልቋል ብዬ በጋሼ ቁጥር የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ እሱ አያውቅም ነበር።» ሦስተኛውን መስመር ባዶ ተውኩት። ያንኑ ቃል በደብዳቤ ለአስተዳደር አስገባሁ። ውሳኔያቸውን እየጠበቅኩ ነው። መሰናበቴ አይቀርም ይላሉ፤ ደንቡን አንተም እኔም ፈርመነዋል። ለልጅህም ደውዬ ነገርኳት። ሳትመልስልኝ ስልኩን ዘጋችው።

ትናንት፣ ሐሙስ፣ ሎጋው መጣ። ከአራት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ። ማሽን ያቆመ የለም፤ ግን ሰው ሁሉ አንገቱን አዙሯል። እያነከሰ ወርክሾፑን አቋርጦ ስክሪኑ ፊት ቆመ።

«የቷ ናት?»

አሳየሁት።

«መነጽሬን አልያዝኩም። አንብቢልኝ።»

አነበብኩለት። ሰዎች ከኋላችን ተሰብስበው ነበር።

«ድገሚው። ጮክ ብለሽ።»

ደገምኩት። ድምፄ ሁለት ቦታ ላይ ተቆረጠ። ሎጋው ራሱን ነቀነቀና በጀርባው በር ወጣ። በመስኮቱ አየሁት፤ አግዳሚዋ ላይ ተቀመጠ፤ በቀኝ በኩል። የግራውን ባዶ ትቶታል። ሃያ ደቂቃ ያህል እንደዚያ ቆየ። ልሄድ አሰብኩ፤ ያ ቦታ የእኔ ስላልሆነ አልሄድኩም።

ሲወጣ ጠረጴዛዬ ጋ ቆመ።

«መቃብሩ የት እንደሆነ አላውቅም። እሑድ መጥተሽ አሳዪኝ።»

«እሺ።»

«ይቅር አላልኩሽም።»

«አውቃለሁ።»

«እሱ ብሎሻል እንግዲህ» አለና ሄደ።

ጋሼ፣ አሁን ወረቀት የሚያትም የለም። መካኒኮቹ ሁሉ ታብሌት ይዘዋል፤ የሠሩትን በራሳቸው ጣት፣ በራሳቸው ቁጥር ይዘጋሉ። ምስማሩ ግን እንደመታኸው አለ፤ የጃንጥላ መስቀያ አድርገነው ነበር። ዛሬ ጃንጥላውን አንስቼዋለሁ። ይህን ደብዳቤ ስጨርስ እዚያ እሰካዋለሁ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬ። እሑድ እኔና ሎጋው እንመጣለን። እኔ ራቅ ብዬ እቆማለሁ፤ እሱ የሚልህ ነገር አለው። አንዴ ነው የሚያንኳኳው፤ ስማው።

ጣትህ